ያንተን ሥልጠና ለኔ ሰጡኝ

ዳዊቴ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። የካዛንችሱ ቤታችን ፈርሷል። እኔና ልጃችን ማርታ አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ እይዛለሁ። ሁለተኛው በኡራኤል ሲያልፍ እሳለማለሁ፤ ሰፈራችን የነበረበትን ቦታ ግን ቀና ብዬ አላየውም።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ሌላ ነው። ፈርቻለሁ። ባለፈው ወር ርዕሰ መምህሩ ጠርተውኝ «አዳዲስ መምህራንን ሰው ፊት መናገር፣ ስብሰባ መምራት የሚያለማምድልን ባለቤትሽ ነበር፤ ከእንግዲህ አንቺ ያዥው» አሉኝ። እምቢ ልል ብል ድምፄ አልወጣ አለ፤ እሳቸው እሺ ያልኩ መሰላቸው።

ታውቀኝ የለ? ሕፃናት ፊት አንበሳ ነኝ፤ አዋቂ ሲያየኝ ጉሮሮዬ ይደርቃል። በቀብርህ ቀን የሕይወት ታሪክህን ላነብ ጽፌ ሳበቃ ወረቀቱን ለወንድምህ አቀበልኩት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በደህናው ጊዜ ሳሎን ውስጥ ስታለማምደኝ፣ ብቻህን ሠላሳ ሰው ለመምሰል ወንበር እየቀያየርክ በጥያቄ ታፋጥጠኝ ነበር። በሳቅ እፈርስና ፍርሃቱን እረሳው ነበር።

የመጀመሪያዋ ተለማማጄ ሂሩት ናት፤ ዘንድሮ የተቀጠረች የሒሳብ መምህርት። ሁለት ሳምንት ባዶ ክፍል ውስጥ ተለማመድን። ባለፈው ቅዳሜ የክፍሏን ውጤት ለወላጆች ልታቀርብ ቆመች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ዝም አለች። ፊት የተቀመጡ አንድ አባት ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ኋላ ተቀምጫለሁ። የገፋኋት እኔ ነኝ፤ ዳግመኛ ሰው ፊት አልቆምም ብትልስ?

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። አጠገቧ ሄጄ «ሂሩትዬ፣ ትናንት ለኔ ያስረዳሽኝን ድገሚልኝ እስቲ» አልኳት። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ሁሉም ሰማው። እኔን ብቻ እያየች ጀመረች፤ ቀስ በቀስ ፊቷን ወደ ወላጆቹ መለሰች። እኚያ አባት እንኳ ጥያቄ ጠይቀው መለሰችላቸው። ስንወጣ እጄን ይዛ «እርስዎም ይፈራሉ እንዴ?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት።

ያ አለፈ ብዬ ትንፋሼን ሳልሰበስብ፣ ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ልምድሽን ለክፍለ ከተማው መምህራን አቅርቢ አሉኝ። ሰኞ ነው። አዳራሹን ሄጄ አየሁት፤ ሰፊ ነው። ማርታ እንዳታይብኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ እለማመዳለሁ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን፣ አንዳንድ ጠዋት ድምፅህን ለማስታወስ ስሞክር ይርቀኛል። የተናገርከው አለ፤ ድምፁ የለም።

እንግዲህ ቃል ልግባልህ። እየፈራሁም ቢሆን ሰኞ እሄዳለሁ። ገና ሰላምታ ሳልሰጥ፣ ይህን ሥራ ማን እንደጀመረው ተናግሬ፣ ስምህን ከነአባትህ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ጉሮሮዬ ቢዘጋ እንኳ፣ አዳራሹ አንዴ ሰምቶሃል።

ያንተው አልማዝ