ይቅርታዬ ለቦሼ ነው

ሶዶ፣ ማረሚያ ቤት
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሜላትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? የጎንደር ብርድ ከባድ ነው ይላሉ፤ ሹራብሽን ልበሺ። እኔ ደህና ነኝ። እህትሽ ብሩክታይት ተበላ ከተማ አያትሽ ዘንድ ናት፤ ትምህርቷን አላቋረጠችም።

ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ያሉሽን አድርጊና ውጪልኝ» ብለሽ አለቀስሽ። ከኋላዬ ሴቶቹ ወረፋ ስለሚጠብቁ መልስ ሳልሰጥሽ ዘጋሁት። አሁን ልመልስልሽ።

አባትሽ በሞተ በዓመቱ አጎትሽ ዳና «የወንድሜ ሚስት ለእኔ ናት፣ ወጋችን ነው» ብሎ መጣ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ከወንድሜ መሬት ውጪ» አለኝ። ጋሽ ዮሴፍና ሌሎቹ የጎሳ ሽማግሌዎች ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቴም «የቤት ነገር ነው፣ ታገሺ» አሉኝ። እንሰቴን ሲቆርጥብኝም ታገስኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጎደሬ እየቆፈርኩ አጥሩን ጥሶ ገባ። ገጀራ ይዟል። «ዛሬ ወይ ትወጫለሽ ወይ እዚሁ ትቀበሪያለሽ» አለና ክንዴን መታኝ። እጄ ላይ የነበረው ዶማ ነው። በዶማው መታሁት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ዮሴፍ ሦስት ሰው አስከትለው መጡ። «ትርፌ፣ በጎሳው ፊት ተንበርክከሽ ወግ ጥሼ አጠፋሁ በይ፤ መሬቱንም ልቀቂ። እኛም ፍርድ ቤት ቀርበን መልካም እንናገርልሻለን» አሉኝ።

«ዳና የሞተው እምቢ ስላልኩት ነው?» አልኳቸው።

«እሺ ብትዪው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

«ጋሽ ዮሴፍ፣ ያን ጊዜ እርስዎ ተው ቢሉትም ኖሮ በሕይወት ነበር።»

ተነሱ። ሲወጡ አንደኛው «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ሴት ናት!» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ዓይነት ነኝ።

እሑድ ደግሞ የዳና ሚስት ቦሼ መጣች። ገና ሳትቀመጥ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ማንም አላዘዘኝም። ተነሺም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችኝ። «ልጆቼ አባት የላቸውም» ብቻ አለች። «የእኔስ?» ልል አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ለእሷ ዕድሜ ልኬን እንበረከካለሁ። ለጎሳው አንድ ቀንም አልንበረከክም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ስሚ። ጠበቃዬ ጌታነህ «ራስን መከላከል ነው ብለን እንከራከራለን፤ ከተጠየቅሽው ውጪ እንዳትናገሪ» ብሎኛል። ዳና ግን በመጀመሪያው ምት ወድቆ ነበር። ገጀራውም ከእጁ ወጥቷል። ሮጬ መውጣት እችል ነበር። እኔ ደገምኩት። ማንም አላየኝም።

የመጀመሪያው መብቴ ነው፤ ሽማግሌም ዳኛም ቢመጣ ከዚህ ቃል አልወርድም። ሁለተኛውን ግን ፈርቼ ይሁን ተናድጄ፣ ወይም ያን ሁሉ ጊዜ የታገስኩት ይሁን፣ እኔም አላውቅም። የካቲት ስድስት ችሎት ስቀርብ ሁለቱንም ለዳኛው እናገራለሁ። የእነሱን ውሸት እምቢ ብዬ የራሴን ከያዝኩ ከጋሽ ዮሴፍ በምን እሻላለሁ? ዓመት ይጨመርብኝ ይሆናል። ይጨመር።

ስለዚህ ለምረቃሽ አትጠብቂኝ። ጋዋኑን ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ ብትመጪ አላናግርሽም። ደግሞ ጓደኞችሽን «እናቴ ታማለች» ብለሻቸዋል አሉ። አልታመምኩም። የት እንዳለሁ፣ ምን እንዳደረግሁ ንገሪያቸው። ስትነግሪያቸውም አንገትሽን አትድፊ።

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፤ ደጅሽን ማንም የማይጥሰው ያድርግልሽ።

እናትሽ
ትርፌ