በመሃል የተነሳው ሽማግሌ

ህዳር 5፣ ሐሙስ፣ ከሱብሂ በኋላ

ዛሬም እንቅልፍ የለም። ተነስ፣ ቁም፣ ጠብቅ። ጠብ ጠብ። ገና ጋደም ስል ሽንቴ ደግሞ ና ይለኛል። የሶላት ውዱዬ ሳይደርቅ በጠብታ ይፈርሳል፤ ለሱብሂ ሁለቴ ታጠብኩ። ባለቤቴ ዘሀራ ሀኪም ዘንድ ካልሄድክ ትላለች። ምን ልበል? የሀረጎን ዳገት በከባድ መኪና ስወጣ ስወርድ ያረጀሁ ሰው ሽንት አቃተኝ ልበል? ኧረ ይቅርብኝ!

የጨነቀኝ እሁድ ነው። ለጀማል ሽምግልና ቢስቲማ እንሄዳለን። የሟች ወንድሜ ልጅ ነው፣ እኔ ቤት ያደገ። ተናጋሪው እኔ። ሽማግሌ ደግሞ ነገሩ ሳይቋጭ ከተቀመጠበት አይነሳም። ያ ረቢ፣ አታዋርደኝ።

ህዳር 7፣ ቅዳሜ

መላ አገኘሁ። ውሃ የለም፣ ሻይ የለም። ካልጠጣሁ ምን ይወጣል?

አፍንጫዬ ይፈሳል። ንፍጣም ሽማግሌ ማን ልጅ ይሰጠዋል! የጉንፋን ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ።

ህዳር 8፣ እሁድ፣ ከመግሪብ በኋላ

ጉድ ሆንኩ፣ ደብተሬ።

ሀረጎ ላይ ጎማው ልክ አይደለም ብዬ ሚኒባሱን አስቆምኩ። ሾፌሩ ጎማ ያያል፣ እኔ ቁጥቋጦ ኋላ ቆሜያለሁ። ምንም። ሀይቅ ስንደርስ ደግሜ ጎማ። ጎረቤቴ ካሳ፣ አብሮኝ ሽማግሌ የሆነው፣ ጎማው ካንተ ይሻላል አለኝ።

የልጅቷ አባት ሀጂ እንድሪስ ቁጥብ ሰው ናቸው። ተናገርኩ፤ ወላሂ አሳመርኩት። እሳቸው የጀማል አባት የማን ልጅ ነበር፣ ዘሩስ ከየት ነው ብለው ጠየቁ። ልክ ያኔ ፊኛዬ ወጥሮ ያዘኝ። ብድግ አልኩ። ወጣሁ። ጓሮ ቆምኩ፣ ቆምኩ፣ ጠብታ የለም። ስመለስ ሀጂ ቀድመው ተናገሩ፦ ዘር ሲጠየቅ የሚነሳ ሽማግሌ የሚደብቀው ነገር አለው፤ ነገሩ ይቅር አሉ። ካሳ ለመነ። አልሰሙም።

አሁንም አልወጣልኝም። ሆዴ ድንጋይ ሆኗል። ዘሀራ መኪና ፍለጋ ወጥታለች። መጻፍ አልች

ህዳር 10፣ ማክሰኞ፣ ደሴ፣ ሆስፒታል

ቱቦ አስገቡልኝ። አልሀምዱሊላህ! ሲወርድልኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፣ አንቱ ይለኛል። ከፊኛ ሥር ያለች እጢ አለች፤ ፕሮስቴት ትባላለች። ወንድ ሲያረጅ በሆርሞን ምክንያት ታድጋለች፣ የሽንቱን መንገድ ታንቃለች። ብርድ አይደለም፣ የሾፌር ወንበርም አይደለም። ካንሰር ነው ወይ አልኩት። በጣቱ መርምሯል፣ ደሜን አስመርምሯል፣ አልትራሳውንድ አንስቷል። አይመስልም አለ። ጭራሽ የዘጋኝ ያ የጉንፋን ኪኒን ነው! ውሃ መተውም ከንቱ፤ ወደ መኝታ ሰዓት ብቻ ቀንሱ አለኝ። መንገዱን የሚያላላ መድኃኒት ጀመርኩ። በሳምንቱ ቱቦው ወጥቶ ይሞከራል፤ እምቢ ካለ ኦፕራሲዮን። ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ እዚህ ባልደረሱ አለ። ዘሀራ አየችኝ። 

ጀማል፣ ሆዴን አመመኝ ያልኩት፣ አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ። ማምሻውን ብቻ፦ «አባ፣ ዘራችን ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?» አለኝ።  የለም አልኩት። ታዲያ ለምን ተነሳህ አለኝ። ቱቦውን በብርድ ልብሱ ሸፈንኩ።

ህዳር 12፣ ሐሙስ

ቤት ገባሁ። ካሳ ሀጂ ዘንድ ደውሏል። የተነሳው ሰው ራሱ እሁድ መጥቶ ለምን እንደተነሳ ይንገረኝ፣ አለዚያ ሌሎች ሽማግሌዎች ልጄን እየጠየቁኝ ነው ብለዋል። ካሳ ጨጓራ ነው እንበላቸው ይላል። ጨጓራ ያምራል። ጨጓራ ማንም አያፍርበትም። ግን ይደብቃል ያሉኝ ሰው ፊት ደግሜ ልደብቅ?

ህዳር 15፣ እሁድ፣ ጠዋት

ለጀማል ነገርኩት፤ ሁሉን፣ ቱቦውንም ጭምር። መጀመሪያ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ለዚህ ነው? አለና አንገቴ ሥር ተወሽቆ አለቀሰ። እኔም።

ሽርጤን ለብሻለሁ። የሽንቱ ከረጢት ጭኔ ላይ ታስሯል። ዘሀራ ውሃ በኮዳ ሞላችልኝ፤ እየጠጣሁ ነው የምሄደው። ካሳ ደጅ ላይ ዛሬ ጎማው እንዴት ነው እያለ ያላግጥብኛል።

መጀመሪያ ለምን እንደተነሳሁ እነግራቸዋለሁ፤ ካላመኑኝ ሽርጤን ገልጬ አሳያቸዋለሁ፤ ሀጂም እኩያዬ ናቸው። ቀጥዬ የወንድሜን ዘር አንድ በአንድ እቆጥርላቸዋለሁ። ከዚያ እቀመጣለሁ። ዛሬ እንኳ ቱቦ አለልኝ፤ ልጅቷን ለጀማል እስኪሰጡኝ ድረስ አልነሳም።