ለባለሙያዋ ሚስቴ ፎሶሊያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሥራ ቀዝቀዝ ብሎ ዋለ። ጠዋት ሁለት ሦስት ራስ፣ ከሰዓት አንድ ፂም። ከጎኔ ባለው ወንበር የሚሠራው ሬዲዮ ግን አልቀዘቀዘም። (ወሬው ስለማይቋረጥ ነው ሬዲዮ የተባለው። እናቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ደንበኛ ያለ አይመስለኝም።) ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አክስቱ ጉልበት... እኔ መቀሴን እየጠረግኩ ስሰማ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀድማኛለች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብላለች።

"ምን በላሽ?"

"ቀምሻለሁ።"

ሁሌም ይችው ናት መልሷ። የሆቴል ዋና አብሳይ ናት። ጠዋት ከገባች ጀምሮ ከየድስቱ በማንኪያ ጫፍ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ እያደረገች ስትልስ ትውላለች። ጨው ጨምሩ፣ እሳት ቀንሱ... ሲመሽ የእንግዳው ሁሉ ሆድ ሞልቷል፣ የእሷ ሆድ በቅምሻ ተታልሏል። ቅምሻ ምግብ ነው እንዴ? ሻይ በዳቦ አቀረብኩላት። የዳቦውን ጫፍ ገመጥ አድርጋ ተወችው። ቀሚሷ ሰፍቷታል... አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሥራ ላይ አዞራት። ከሆቴሉ ተደውሎልኝ የደንበኛዬን ራስ በግማሽ ጥዬ በረርኩ። (ሬዲዮ ጨረሰለት። ጆሮው መትረፉን ግን አላውቅም።)

ክሊኒክ። ደሟ በጣም አንሷል። ሐኪሙ ኪኒን ጻፈላት። "በልተሽ ነው የምትውጪው፣ በባዶ ሆድ አይሆንም። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አይሽና፣ ካልተስተካከልሽ ምድጃ ፊት ቆሞ መዋል የሚባል ነገር ይቀራል።"

ፊቷ አመድ መሰለ። ስለ ደሟ አይደለም፣ ስለ ምድጃው ነው። ሳህን አጥባ፣ ሽንኩርት ልጣ፣ የስንቱን ቁጣ ችላ ነው እዚያ የደረሰችው። ከዚያ ካስወጧት... አይ፣ አልጽፈውም።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳት። "ምን ልግዛልሽ? ምን አማረሽ?"

"ምንም። ሁሉም ዘይት ዘይት ይለኛል።" ቀጥላ ግን፣ "ምናልባት አረንጓዴ ነገር... ሲነከስ ቀጭ የሚል ፎሶሊያ።"

"ሆቴል ሞልቶ የለ?"

"እሱ ፎሶሊያ ነው? ይቀቀላል፣ ትሪ ላይ ይቆያል፣ ይሞታል።"

በቃ። እኔ እሠራላታለሁ። እኔና ምድጃ የምንተዋወቀው በሻይ ብቻ ቢሆንም... ለማንም አልተናገርኩም። ሙያ በልብ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ለሬዲዮ ተናገርኩ። ምን ይሻለኛል?

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ፎሶሊያ ገዛሁ። ባለ አትክልቷ አንዱን ሰበር አድርጋ አሳየችኝ። "ቀጭ ካላለ አሮጌ ነው፣ አትውሰድ። ጫፍና ጫፉን ቆርጠህ ጣል።"

እሺ። ቢላ አነሳሁ። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ሰያፍ... ዓይኔ እንቢ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር እኩል ሳደርግ የኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ለሚስቴ አቀርባለሁ? መቀሴን ከሱቅ አመጣሁ። ንጽህና ነውና ለደንበኛ እንደማደርገው ኮሎኝ በደንብ ነስንሼ ጠረግኩት። ከዚያማ ማን ይቻለኛል! በማበጠሪያ (አዲስ ነው፣ ያልተነካ) ደርድሬ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ሁሉም እኩል። አንድ እንኳ አፈንጋጭ የለ። ቀቀልኩ፣ በነጭ ሽንኩርት ጠበስኩ፣ ከሩዝ አጠገብ አቀረብኩ። ደረቴ ተነፍቷል።

አንድ አነሳች። ነከሰች። ማኘኳን ገታ አደረገች።

"ይሄ ፎሶሊያ ፂሙን ተላጭቶ ነው እንዴ የመጣው?"

ቀመስኩት። ወይ ጉድ! ሱቄን ነው የበላሁት! ሳቀች... እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "በል ፖውደርም ነስንስበት" እያለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ደስ አለኝ። ሩዙን ግን በሹካ ከወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሳ ተነሳች። ሳቅ ሆድ አይሞላም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ በቢላ። ሰያፉንም ታገስኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ የሞቀውን ውኃ ስደፋ ግማሹን ፎሶሊያ አብሬ ደፍቼ ከመታጠቢያው ስለቅም ነበር እሷ የገባችው። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከኋላዬ ቆመች።

"ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጨምረው፣ አረንጓዴነቱ እንዳይሄድ።"

"እሺ።"

"አድርቀው። ውኃ ይዞ መጥበሻ አይገባም... ኧረ ነጭ ሽንኩርቱን አሁን አይደለም! ይቃጠላል። መጨረሻ ላይ ነው።"

ማማሰያውን መቼ ከእጄ እንደወሰደችው አላየሁም። እጇ ጀርባ ላይ ጠብ፣ ቅምሻ። ቁንዶ በርበሬ። ቅምሻ። እሳቱን አጠፋች፣ ሎሚ ጨመቀች። ቅምሻ። ዓይኗ በርቷል፣ እጇ ይበራል። ቆሜ አየኋት። እውነት ለመናገር ሥራ ላይ ስትሆን ያምርባታል።

እጅ የሚያስቆርጥም ፎሶሊያ ወጣ። ሳህን ላይ አደረግኩላት። "በይ ብዪ።"

"ቀምሼዋለሁ እኮ።"

ሄዳ ተኛች። እኔ ብቻዬን በላሁ። አንጀቴ አርሯል፣ ግን በጣም ይጣፍጣል። እንዴት ነው ሁለቱ አብረው የሚሆኑት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ኪኒኑን በባዶ ሆዷ ዋጠችው። መታጠቢያ ቤት ስታስመልስ በሩ ላይ ቆምኩ። "ደህና ነኝ፣ ሂድ ሥራ" ትለኛለች። ፈራሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አማቴ ጋ ደወልኩ። ሴት ልጃቸውን ምግብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አንድ መላ አያጡም። ስለ ደሙ ልነግራቸው ግን አልፈለግኩም፣ ይደነግጣሉ። ስለዚህ ዘወር አድርጌ፣ "እማማ፣ ፎሶሊያ እንዴት ነው የሚሠራው?" አልኳቸው።

የያዙትን ነገር ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

"ልጄ የት ናት?"

"ሥራ ናት።"

"አንተ ለምንድን ነው ምግብ የምትሠራው?"

"እንዲሁ... አማረኝ።"

"እ-ህ-ህ" አሉ። ዘጉት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሳይነጋ በር ተንኳኳ። እማማ፣ ከነሻንጣቸው! ሰላም ሳይሉኝ መኝታ ቤት ገብተው ቁም ሣጥን ከፈቱ። የልጃቸውን ቀሚሶች በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። አንድም አልጎደለም። ከዚያ አልጋው ላይ ልጅቷ ራሷ፣ በእንቅልፍ ዓይኗ እያየቻቸው።

"እማዬ? ምን ሆንሽ?"

"ጥለሽው የሄድሽ መስሎኝ ነዋ! ወንድ ልጅ ስለ ፎሶሊያ ሲጠይቅ ሌላ ምን ይባላል?"

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ እማማ የልጃቸውን ክንድ ያዝ አደረጉና ሳቃቸውን አቆሙ። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያለቅሽው?" ነገርናቸው። ሻንጣቸውን ፈቱ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጦርነት። እማማ ሊያበሏት ተነሱ። ሾርባ፣ ድንች፣ ዶሮ። እሷ ደግሞ ከእናቷ ጀርባ ቆማ፣ "ጨው በዛ።" "አልበዛም።" "በዝቷል እማዬ፣ ቀምሼዋለሁ።" "አንቺን ጡት ካጠባሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው ጨው የማውቀው!" ሁለት ባለሙያ አንድ ምድጃ ላይ... እኔ በሩ ላይ ቆሜ የመጣውን ሳህን ሁሉ ስቀበል ዋልኩ። ሁለቱም ቀምሰው ጠገቡ። የወፈርኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ ገባኝ! በአንድ ትንፋሽ ልጻፈው።

ፀጉሬ አድጎ ነበር። የራሱን ማጅራት ማን ይቆርጣል? ሬዲዮ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ በመስታወቱ እያየሁ፣ "እዚህ ጋ ቀንስ... በጆሮዬ ዙሪያ ቀስ በል... ማበጠሪያውን አጋድመው..." ሬዲዮ አንዴ ታገሰ፣ ሁለቴ ታገሰ። ከዚያ ወንበሩን ጠምዝዞ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞረውና፣ "ስማ፣ ዛሬ ደንበኛ ነህ። ዝም በል!" አለኝ።

ዝም አልኩ። መስታወት የለ፣ የሚታይ የለ። ትከሻዬ ወረደ። ሬዲዮ ስለ አክስቱ ጉልበት ጀመረ... ተኛሁ! እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንድ ቀን እንኳ በራሴ ሱቅ እንዲህ አርፌ አላውቅም።

ስነቃ ባለቤቴ ታወሰችኝ። ድስት ካየች ሥራ ላይ ናት። ማንኪያ ከያዘች ሥራ ላይ ናት። የበላችው ሥራዋን እንጂ ራቷን አይደለም! ሬዲዮን ግንባሩን ሳምኩት። "ምን ነካህ?" አለኝ። ማጅራቴን አጣሞታል፣ ይቅር ብዬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ለእማማ ዕቅዱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ፣ "እኔ ልሥራው" አሉ። "አይሆንም እማማ፣ እርስዎ ከሠሩት ልታርምዎት ትነሳለች። እርስዎ በሩን ነው የሚጠብቁልኝ።" ቅር አላቸው። ግን በሩን ሲይዙ... ፖሊስም እንዲህ አይቆም።

ከሥራ ስትገባ ወንበሯን ጠምዝዤ ጠበቅኳት። ጀርባዋን ለማድ ቤቱ፣ ፊቷን ለመስኮቱ። ንጹሕ ፎጣ አንገቷ ላይ አሰርኩላት።

"ምንድን ነው ይሄ? ልትላጨኝ ነው?"

"ዛሬ ደንበኛ ነሽ። ደንበኛ ዝም ይላል።"

ገባሁ። ፎሶሊያው ቀድሞ ተቀቅሎ፣ ሳይለሰልስ ወጥቶ ቀዝቅዟል፣ በፎጣ ደርቋል። መጥበሻውን በደንብ አጋልኩ፣ ዘይት ጥቂት። ሲገባ ጮኸ። አልነካካሁትም፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር እስኪል ተውኩት። ቃሪያ በቀጭኑ። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ...

"ነጭ ሽንኩርቱ እያረረ ነው!" ከሳሎን።

"ዝም በይ!" እማማ ከበሩ።

እውነትም አረር ብሏል። እሳት አጠፋሁ፣ ሎሚ ጨመቅኩ፣ ቁንዶ በርበሬ። አልቀመስኩም፣ ማንም አልቀመሰም። ሳህን ላይ ከእንቁላል ጥብስ ጎን አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

ነከሰች። ቀጭ አለ፣ ሰማሁት።

"ነጭ ሽንኩርቱ አሯል።" ሁለተኛ አነሳች። "ጨው አንሶታል።" ሦስተኛ። "ቃሪያውን ማን አሳየህ?" ከወንበሯ ብድግ ልትል፣ ጨው ልታመጣ... "ቁጭ!" አሉ እማማ። ቁጭ አለች። እያማች በላች። እንቁላሉን በላች። ሳህኑ ላይ የቀረውን ሎሚ በዳቦ ጠረገች። ኪኒኗን ዋጠች።

ጠበቅን። አላስመለሳትም።

ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማማ ሲያዩኝ በሽንኩርት አሳበብኩ። "ቀይ ሽንኩርት እኮ አልከተፍክም" አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ምንም አያመልጣቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

እማማ ሄዱ። ደጅ ላይ ጆሮዬ አጠገብ፣ "ጨው ግን ጨምር" ብለውኝ።

ሬዲዮ ወሬውን ለደንበኛ ሁሉ አሰራጭቷል። አንዱ ሽማግሌ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ "ፂሜን ነው ወይስ ፎሶሊያ?" አሉኝ። ይሳቁ። ዛሬም በላች። በካሮት ሞክሬው ነበር፣ "ካሮቱ ምን አጠፋና ነው ያቃጠልከው?" አለችኝ። በላችው ግን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ከሆቴል ደወለች። "ምሳ ተቀምጬ በላሁ። ከሳህን አጣቢዎቹ ጋር። የሚጣፍጥ ወሬ አላቸው።" ስልኩን ዘጋች። እኔም ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ክሊኒክ። ሐኪሙ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየ፣ መልሶ አየ። እጇን ያዝኩ። "ደምሽ ጨምሯል። ገና ይቀረዋል፣ ኪኒኑን አታቋርጪ። ግን ምድጃሽን አልነጥቅሽም።"

ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ ዘለለች። ቀሚሷ ገና ሰፊ ነው። ቢሆንም እሰይ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ቀድሜያት ገብቼ ምድጃው ፊት ነበርኩ። ፎጣ የለም፣ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፣ ወንበሩም ወደ ቦታው ተመልሷል። ኮቷን ሳታወልቅ ማድ ቤት ገባች። መጥበሻው ይጮኻል። ቅምሻ ጠላቴ መሆኑን ረሳሁት፣ እንደ ሞኝ ማንኪያውን አፏ ድረስ ዘረጋሁላት። "ሎሚው በቃው?"

ማንኪያውን አየችው። ሁለት እጇን ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተች።

"አልቀምስም" አለችኝ። "ርቦኛል። ሳህን ላይ አድርግልኝ።"