የሺ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቷ አሮጊት

የሺዬ፣ የኔ ዓለም፤

እንደምን አለሽ ልበል ብዬ ብዕሩን ባነሳም እጄ እምቢ አለኝ። እኔና ልጃችን ምሥራቅ አለን፤ መኖር ከተባለ። ከተለየሽን የፊታችን ጥቅምት አራት ዓመት ይሞላል። ያኔ ሁለት ዓመቷ የነበረችው ልጅሽ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ከቢሮ እስክመለስ የምትውለው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዘንድ ነው። ሲግናል ሰፈር ያለው ቤታችን እንደተውሽው ነው፤ ጣሪያው ብቻ ማፍሰስ ጀምሯል። ለስኳርና ለሳሙና አሁንም ቀበሌ ሱቅ እንሰለፋለን።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ጣሪያና ስለ ሳሙና አይደለም። ልጅሽ መልክሽን አታውቀውም። አሳይሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር፤ አልቻልኩም። ጥፋቱም የኔ ነው።

አንቺ መቼም መድረክ ላይ አንድ ቀን ወጣት ሆነሽ አታውቂም። በሃያ ሦስት ዓመትሽ ቲያትር ቤት ስትገቢ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው ብለው የባልቴት ቦታ ሰጡሽ፤ እዚያው ቀረሽ። ሙሽራዋ ሌላ፣ ንግሥቲቱ ሌላ፤ አንቺ አማት፣ አንቺ ሞግዚት፣ አንቺ ልጇ የጠፋባት እናት። ማስታወቂያው ላይ ስምሽ ከሁሉም በታች በደቃቃ ፊደል ነበር የሚጻፈው። እኔ ስናደድልሽ አንቺ ትስቂ ነበር። ቆንጆ በየዓመቱ ይለወጣል፣ አሮጊት ግን ሁልጊዜ ትፈለጋለች ትዪኝ ነበር።

እኔን ራሴን ያገኘሽኝ በአሮጊትነትሽ አይደል? ከእሁድ ከሰዓቱ ትርኢት በኋላ ቀለሙን በቅጡ ሳታጥቢ፣ ነጠላሽን ተከናንበሽ መገናኛ በሚሄደው አውቶብስ ገባሽ። እኔ ሞኙ ብድግ ብዬ፣ እናቴ እዚህ ይቀመጡ አልኩሽ። ተቀመጥሽ። እሱስ ይሁን፤ በተንቀጠቀጠ ድምፅ፣ እደግ ልጄ፣ ወልዶ ለመሳም ያብቃህ ብለሽ መረቅሽኝ! መውረጃሽ ሲደርስ ዘለሽ ወርደሽ በሳቅ ስትፈርሺ የአውቶብሱ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። በሚቀጥለው እሁድ ግን ቲያትር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩሽ።

ሰኞ ሰኞ ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ እንጦጦ ትወጪ ነበር፤ እንጨት ተሸካሚዎቹን ከኋላ ከኋላ እየተከተልሽ አረማመዳቸውን ልታጠኚ። ወገብን የሚያጎብጠው ሸክም እንጂ ዕድሜ አይደለም ትዪ ነበር። አንድ ሰኞማ ራስሽ አንድ እስር ጭራሮ አዝለሽ ቤት ድረስ መጣሽ። የተላጠ ጀርባሽን ቅባት እየቀባሁ ስቆጣ፣ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ልያዘው፣ ዝም በል አልሽኝ። ሴቶቹ ባሏ የሚደበድባት ምስኪን ናት ብለው እንዳዘኑልሽም ነገርሽኝ። ሕዝቡ ያወቀሽ በዚያ ጉብጠትሽ ነው፤ ስምሽን የማያውቀው ሁሉ ያቺ አሮጊት ይልሽ ነበር።

እሺ፤ አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። በሕይወት ሳለሽ ደፍሬ ይቅርታ ወዳልጠየቅኩሽ።

ወንድምሽ ግርማ ፎቶ ቤት ይሠራ ነበር። ከተማሪነትሽ እስከ ሠርጋችን ያለሽን ፎቶ ሁሉ ያነሳሽ እሱ ነው። በያንዳንዱም ጀርባ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፉ፣ ለእህቴ ለየሺ ከወንድምሽ ከግርማ ብሎ ይጽፍ ነበር። ግርማ ተፈልጎ ከጠፋ በኋላ፣ በሰፈራችን የቤት ለቤት ፍተሻ ሊደረግ ነው የተባለ ዕለት አንቺ ልምምድ ላይ ነበርሽ። እኔ ፈራሁ። የሚፈለግ ሰው ስም ቤት ውስጥ ተገኘ ማለት ምን እንደሚያመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። አልበሙን ከነፎቶው ጓሮ አውጥቼ በደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል አነደድኩት። የትምህርት ቤቱን፣ የሠርጉን፣ ዝም ብለሽ በር ላይ የቆምሽውን ሁሉ። አንድም አላስቀረሁም።

ስትመለሺ አመዱን አየሽ። ጀርባውን ብትፍቀው ይበቃ ነበር አልሽኝ። ወይ እኔ! ቀኑን ሙሉ በምላጭ የተሳሳተ ፊደል ስፍቅ የምውል ታይፒስት ነኝ እኮ! እንዴት ሳይታየኝ ቀረ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው።

ፈታሾቹ በማግሥቱ ጠዋት መጡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ የእህሉን ጆንያ በዘንግ ወጉ። አንደኛው አተኩሮ አየሽና፣ ይቺ ያቺ አሮጊት አይደለችም እንዴ ብሎ ጮኸ። እስቲ ሂጂልን አሉሽ። በገዛ ቤትሽ ጎብጠሽ ሄድሽላቸው። ስቀው ወጡ። ፎቶ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ እንነሳ ባልኩሽ ቁጥር፣ ግርማ ሲመጣ ያነሳኛል ትዪኝ ነበር። ግርማ በዚያው ቀረ፤ እስከዛሬ ወሬው የለም።

ጉበትሽ ታመመና ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላሽ ሄድሽ። ለለቅሶው ድንኳን ፎቶ ሲፈለግ የለም። መታወቂያሽን ቀበሌው ሞትሽን ሲመዘግብ ወስዶታል። ጓደኞችሽ ቲያትር ቤቱ ግድግዳ ላይ የነበረውን አመጡልን፤ ነጭ ፀጉር፣ የተሸበሸበ ግንባር። እሱን አቆምነው። ማን እንደሞተ በቅጡ ያልሰማ የመሥሪያ ቤቴ ሰው ፎቶውን አይቶ አማቴ መሰለችው። አጠገቤ ተቀምጦ፣ አይዞህ፣ ዕድሜ ጠግበው ነው፣ እንዲህ ያለውስ ሞት ደግ ነው አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ የሺዬ። ለማስረዳት አቅም ስላልነበረኝ አሜን አልኩት።

ልጅሽ ያደገችው ከዚያ ፎቶ ጋር ነው። እናቴ አሮጊት ነበረች ብላ ለክፍሏ ልጆች ተናግራ፣ ውሸታም፣ አያትሽ ናት ብለው ሲስቁባት ተደባድባ መጣች። ያን ቀን ነው እውነተኛ መልኳን አሳይሻለሁ ያልኳት። አንድ ተስፋ ነበረኝ። ስለ ክትባት የሚያስተምረው አጭር ፊልም ላይ ነርስ ሆነሽ ሠርተሽ የለ? ያለ ቀለም፣ በራስሽ ፊት። የምትናገሪው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ ምሥራቅን የበዓል ቀሚሷን አልብሼ፣ ፊልሙን ወዳሠራው መሥሪያ ቤት ሄድን። የቴፕ ክፍሉ ሰውዬ ደግ ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ ቴፑን ፈልጎ ከፈተልን። ስብሰባ ነው። ሰው ግራ እጁን እያነሳ ይፈክራል። አዲስ ቴፕ ስለማይገኝ በላዩ ሌላ ቀድተውበታል። ሰውየው ሊያጠፋው ሲል ምሥራቅ ጮኸች፤ እስኪያልቅ አየችው። ሴት በታየች ቁጥር፣ ይቺ ናት? ይቺስ? እያለች በጣቷ ትጠቁማለች።

ስንመለስ፣ እሺ አንተ ንገረኝ፣ ምን ትመስል ነበር አለችኝ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ... ብዬ ቀረሁ። የመጣልኝ የፎቶው ፊት ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያው ሽብሽብ፣ ያው ነጭ ፀጉር። ድምፅሽ አለ፣ የመዳፍሽ ሙቀት አለ፣ ፊትሽ የለም። አራት ዓመት ጠዋት ማታ ሳየው የከረምኩት ፎቶ በልቶብኛል። ጨነቀኝና፣ እናትሽ አንቺን ትመስል ነበር ብዬ ዋሸኋት።

ስምሽን አልረሳም፣ የሺዬ። ድምፅሽን፣ ሥራሽን፣ ያቃጠልኩብሽንም እስክሞት አልረሳም፤ ይህን እምልልሻለሁ። ፊትሽን ግን ብምል ሐሰት ነው። ይህን ስጽፍልሽ ምሥራቅ መስታወቱ ፊት ቆማ አንቺን እየፈለገች ነው፤ ቁርጥ እኔን እንደምትመስል አልነገርኳትም።