ለመጫወት የመጣ፣ ለማሸነፍ የመጣ

ቅዳሜ

ይበልጣልን አሸነፍሁት። በካርድ አይደለም፤ በሰዓት። ተራው የሱ ነበር። እጁ ላይ ያሉትን ካርዶች እንደ ልማዱ እያገላበጠ ሲያስብ የናሆም ስልክ ጮኸ።

«ጊዜ አልቋል» አለ ናሆም። «ቡድኑ ውስጥ ገብተሻል፤ እንኳን ደስ ያለሽ።»

ይበልጣል ካርዶቹን ሰብስቦ በላስቲክ አሰራቸው። «ደግ ተጫወትሽ» ብሎኝ ወጣ። ደግ አልተጫወትሁም። አንድ ተራ ቢያገኝ ኖሮ ያለቀልኝ እኔ ነበርሁ። ጁሱን እንኳ አልጨረሰውም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጋደም አልሁ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ይህን ነገር የጀመርነው እኔና ይበልጣል ነን። ፋብሪካ አብረን ስንሠራ እህቱ ከውጭ አገር አንድ ሣጥን ካርድ ላከችለት። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ ባለ ሰይፍ፤ ሁሉም የየራሱ ኃይል ያለው። የሕጉን ግማሽ ሳንረዳው ነበር የምንጫወተው። በኋላ ሰው በዛ። ጣና ዳር ካለችው ጁስ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ካርድ እንለዋወጣለን፣ እንሳሳቃለን። ማን እንዳሸነፈ ማክሰኞ ላይ የሚያስታውስ የለም። ይበልጣል ከሥራ ሲቀነስ ያች ቅዳሜ ብቻ ቀረችለት።

ከዚያ ናሆም ለባንክ ሥራ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ጎበዝ ነው። «እንዲህ እየተጫወታችሁ መቼም አታድጉም» አለን። ሰዓት መጣ፣ ነጥብ መጣ፣ አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ቡድን ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አሸናፊ የተባሉትን ካርዶች እያየ ያንኑ ገጣጠመ። እኔም። ማሸነፍ ይጥማል ለካ።

ይበልጣል ብቻ የሚወዳቸውን ካርዶች እንደያዘ ቀረ። ሲሸነፍ ከረመ።

ሰኞ

ደወልሁለት። አያነሣም። እንደገና ደወልሁ። ሥራ ላይ ተሳስቼ አለቃዬ ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

ረቡዕ

ናሆም ለልምምድ ጠራን። እረፍት ስንወስድ የይበልጣልን ነገር አነሣሁ።

«ያለ ሰዓት መጫወት ለሚፈልግ አንድ ጠረጴዛ ለብቻው ብናደርግስ?»

«እንደዛ ካደረግን ሁሉም ወደዛ ይሄዳል።»

«ቢሄድስ ምናለበት?»

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልጫወት?»

በዚህ ከተማ ከኛ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። አሳዘነኝ። 

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ በጀልባ ዘጌ ተሻገርሁ። ይበልጣል አባቱ ዘንድ ነው ብለውኝ ነበር። አባቱ መሪጌታ ናቸው። «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አሉኝ፤ «እስኪ አንቺ አናግሪው። እኛንስ ዝም ብሎናል።»

ቡና ሲለቅም አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ምን አጠፋሽ? በሕጉ ነው ያሸነፍሽኝ» አለኝ።

«ነገ ና እንጂ። ያለ ሰዓት እንጫወታለን።»

ትንሽ ለቀመ። «ከሥራ ስወጣ ተመዝኜ ነው የወጣሁ» አለ። «እዚያ የምመጣው ማንም የማይመዝነኝ ቦታ ስለነበረ ነው። አሁን እዚያም ተመዘንሁ።»

ካርዶቹ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። ለመንደሩ ልጆች አድሏቸዋል።

«ሕጉን አስተማርሃቸው?»

«ምን ሊያደርግላቸው? የራሳቸውን አወጡ።»

ፈገግ አለ። ለኔ አልነበረም ፈገግታው። የመጨረሻዋ ጀልባ እንዳታመልጠኝ ብሎ ሸኘኝ። 

ቅዳሜ

ጠዋት ናሆም ደወለ። የአዲስ አበባው መንገድ ተዘግቷል፤ አውሮፕላኑን ማን ይችለዋል? አንሄድም። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

ከሰዓት ጁስ ቤት ሄድሁ። ከቡድኑ አንድም አልመጣ፤ ካልሄዱ ለምን ይለማመዱ? የድሮዎቹንም ሰዓቱ ካባረራቸው ቆይቷል። ናሆም ብቻውን ተቀምጧል። ተጫወትን፤ አሸነፈኝ። ደገምን፤ አሸነፈኝ። ደስ አላለውም። እኔም አልከፋኝ። እንዲያው ምንም አልተሰማኝም፤ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

የቤቷ ባለቤት እትዬ እናኑ መጡ። «ልጆቼ፣ ይኸን ትልቁን ጠረጴዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ?»

ናሆም ወደኔ አየ።

«እስኪ እስከ ሳምንት ይታገሡን» አልኋቸው።

ማን ይመጣል ብዬ እንደሆነ እኔም አላውቅ።