ለከሳሽም ለተከሳሽም ስለተሸጠው የውርርድ ምክር

ለተከበሩ አበልጄ ለአጋፋሪ ታፈረ፣
የዳኛችን በር ጠባቂ፣ የችሎቱም ሥርዓት አስከባሪ፤

እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ያቺ የሚወዷት በቅሎዎ እንደምን ከርማችኋል? ያመጣንልዎት ማር ለጤናዎ እንደተስማማዎት ተስፋ አለኝ። ይህ ደብዳቤ በአርብ ገበያ ሰው በተሰበሰበበት እንዲነበብ የተጻፈ ስለሆነ፣ ከእጅዎ ሳይገባ ከሰው አፍ ቢሰሙት አይቀየሙኝ፤ ምስጢርን ለብዙ ጆሮ ማካፈልን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አንደኛ፦ የእህቴ ልጅ ዘርፌ ከጎረቤቷ ከበላይነህ ጋር በገብስ መሬት ድንበር ስትካሰስ፣ በችሎት መወራረድን ትፈራ ነበር፤ በውርርድ የተረታ ሰው ያስያዘውን ለዳኛው እንደሚያገባ ታውቃለችና። እኔ ግን የልጄን ክርስትና ያነሳ ሰው አያሳስተንም ብዬ፣ አንድ ጉንዶ ማር አሸክሜ ወደ እርስዎ ወሰድኋት። እርስዎም ከዳኛው እልፍኝ የወጣ ወሬ መሆኑን ነግረውን፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ «የበላይነህ ምስክር ታሞ ተኝቷል፤ አይመጣም። በበሬ ተወራረጂ» አሏት። እሷም ምስክሩ አይቀርብም ስትል በበሬ ተወራረደች። በሽተኛው በቀጠሮው ዕለት ያንን ሁሉ ዳገት በእግሩ ወጥቶ፣ አንዴም ሳያስል መስክሮ ስለተመለሰ፣ የጸሎትዎን ኃይል አድንቀናል።

ሁለተኛ፦ ለካ በላይነህም ማሩን ይዞ መጥቶ ኖሯል። የዘርፌ ምስክር ስላረጀ የድንበሩን ድንጋይ ረስቶታል ብለው ስለመከሩት፣ እሱም ሽማግሌው ድንጋዩን አያሳይም ሲል በበሬ ተወራረደ። ሽማግሌው ግን በቀጥታ ሄደው ከድንጋዩ ላይ ዐረፍ አሉበት። ከሁለቱ ወገን ማንንም ስላላስቀሩ አድልተዋል አይባሉም፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፦ ባላጋራዎቹ የተረቱትን በሬ እየነዱ ከዳኛው በረት ደጃፍ ተገናኙ። በላይነህ «አንቺን ደግሞ ማን መከረሽ?» ቢላት፣ ስምዎ ከሁለቱም አፍ እኩል ወጣ። ክርክሩ ለሌላ ቀጠሮ ተላልፏል። በሬዎቹ ግን እንደ ጌቶቻቸው አልተካሰሱም፤ በዳኛው እርሻ ላይ በአንድ ቀንበር ተጠምደው በሰላም ያርሳሉ።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዝናቡ ገብቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርስ፣ ዘርፌ አንድ የቀረ በሬዋን እያየች ከደጇ ተቀምጣ ነበር። እርስዎን ያመነችው በእኔ ነው። እኔም ያመንሁዎ ልጄን ከጥምቀቱ ውኃ በተቀበሉበት እጅ ነው።

ነገር ግን ሽማግሌ ሁሉ ያቃተውን እርቅ እርስዎ ፈጽመውታል። ዘርፌና በላይነህ አንድ አንድ የቀረ በሬያቸውን መቀናጆ ጠምደው፣ የተካሰሱበትን መሬት አብረው እያረሱት ነው።

የማርዎ አቀባይ፣ የምክርዎ ተጠቃሚ፣ ሳልወድም ቢሆን እስከ ዕለተ ሞቴ አበልጅዎ የምሆን፣
ወልደማርያም፣ ከጋይንት

ይህን ዘንግቼው ነበር፦ እርሻው እንዳለቀ ሁለቱ ባላጋራዎች እርስዎን ለመክሰስ በአንድነት ወደ ደብረ ታቦር ችሎት ይወርዳሉ። ታሟል ያሉት ምስክርና ረስቷል ያሏቸው ሽማግሌ አብረዋቸው ይሄዳሉ፤ ያም ጤነኛ ነው፣ እሳቸውም ነገሩን በደንብ ያስታውሱታል። ስለዚህ በችሎት ተወራረድ ቢሉዎ፣ በቅሎዎን እንዳያስይዙ። ለምክሩ ማር አልጠይቅም፤ ለሌላ ወገንም አልሸጥሁትም።