ዛፉን ደግፎ ስለያዘው አሮጌ የስልክ ገመድ

ለተከበሩ የፋይበር መስመር ዝርጋታ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ በተለይም ከራስዎ በላይ ያለው ጣሪያ ደህና ነው? የእኛ ጣሪያ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ ደህና ነው፤ የነገውን ግን እርስዎ ያውቃሉ።

ብዕሬን ያነሣሁት በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። በየቤቱ ያሰራጩትን ባለአረንጓዴ ጽሑፍ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ፋይበር ከመዳብ ገመድ ያነሰ መብራት እንደሚበላ፣ ዝናብና ዝገት እንደማይደፍሩት፣ ከመስታወት ስለሚሠራ መዳብ ፍለጋ ተራራ መናድ እንደሚቀንስ፣ ሰውም ጉዳዩን ቤቱ ቁጭ ብሎ ስለሚጨርስ የመኪና ጭስ እንደሚቃለል ተረድቻለሁ። አንዱንም አልክድም፤ እውነት ነው። የእኔ ቅሬታ በራችን ላይ ስላለው አንድ ዛፍ ብቻ ነው።

፩. ሠራተኞችዎ ቦዩን በአስፋልቱ ዳር መቆፈር ሲገባቸው ወደ ዛፉ ተጠግተው ቆፈሩ። ምነው ብዬ ብጠይቅ፣ ፎርማኑ አስፋልት ለመቁረጥ የሌላ መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ሥር ለመቁረጥ ግን ማንንም ማስፈቀድ እንደማያስፈልግ በትሕትና አስረዱኝ። በመንገዱ በኩል ያለው ሥር በአንድ ከሰዓት ተቆርጦ አለቀ። ለአስፋልቱ ስላሳዩት ርኅራኄ ሰፈሩ ከልብ ያመሰግናል።

፪. «ዛፎቻችንን በፋይበር እናድን» የሚለውን ማስታወቂያ በዚሁ ዛፍ ግንድ ላይ በሚስማር ስለመቱልን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከሰሞኑ ዝናብ ወዲህ ዛፉ ወደ ቤታችን ስላዘመመ፣ መልእክትዎን ለማንበብ የሚፈልግ መንገደኛ አንገቱን ጠመም ማድረግ ይኖርበታል።

፫. ዛፉ ያዘመመው እናቴ በተኛችበት ክፍል ላይ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ፣ አጥንቱ እስኪገጥም ከአልጋዋ እንዳትነቃነቅ ሐኪሙ ስላዘዘ፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ዛፉን ስታየው ትውላለች። እሷ መነሣት፣ እሱ መቆም አቅቷቸው ተፋጠው እንደሚውሉ ለጠያቂዎቿ ሁሉ ትቀልዳለች። ነፋስ ሲነሣ ግን ቀልዱን ትታ፣ «ልጄ፣ እስቲ ወጣ ብለህ እየው» ትለኛለች። ወጥቼ አየዋለሁ። ከማየት ሌላ ምን አቅም አለኝ?

፬. ክቡርነትዎ፣ ዛፉ እስካሁን ያልወደቀው፣ እርስዎ በወረቀትዎ «ጊዜ ያለፈበት» ያሉት ወፍራም የመዳብ ገመድ ስለያዘው ነው። በአጥራችን ጥግ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተዘረጋው ይኸው ገመድ የግንዱን ክብደት ተሸክሞ ምሰሶዎቹን አጉብጧቸዋል። ዛሬ በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ደግሞ፣ መዳቡ ቀልጦ ዳግም ለአገልግሎት እንዲውል፣ ነገ ጠዋት ገመዱ ተቆርጦ እንደሚነሣ ያበሥረናል። ብክነትን መጥላትዎ የሚያስመሰግን ነው።

ቢሮዎ ሄጄ ነበር፤ ዛፍ አይመለከተንም አሉኝ። ዛፍ የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ፤ ዛፉ ገመድ ላይ ስላረፈ ጉዳዩ የገመድ ነው ብለው ወደ እርስዎ መለሱኝ። ልመናዬ እንግዲህ አንድ ነው፦ ዛፉ በወጉ ተደግፎ ወይም ተቆርጦ እስኪነሣ ድረስ፣ እባክዎ ገመዱን አይንኩብን። ከዚያ በኋላ መዳቡንም፣ ወረቀትዎንም፣ ከፈለጉ ሚስማርዎንም ጭምር ይውሰዱ።

ለተፈጥሮ ያለዎትን ፍቅር ከእናቴ አልጋ ራስጌ ቁጭ ብዬ እያደነቅሁ፣ ዛፉ ካዘመመው በላይ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የታማሚዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ አዲሱ መስመር በበራችን አልፎ ሄደ እንጂ ቤታችን ገና አልገባም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ፣ ሕዝብ አስተያየቱን ይስጥበት ብለው በከፈቱት ገጽ ላይ የምለጥፈው በዚያው በአሮጌው ገመድ ነው። ነገ ጠዋት የቤታችን ስልክ ላይ ደውለው መስመሩ ዝም ካለዎ፣ ሠራተኞችዎ ሥራቸውን በሰዓቱ ጀምረዋል ማለት ነውና፣ መልስ በመጻፍ አይድከሙ፤ ቃሬዛ ይዘው ይምጡ።